ሽማግሎቹ ሳይቀመጡ የሄዱበት ቀን

አሰላሙ ዐለይኩም ይመሬ፤ አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ረመዷን አለፈ። ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው፤ ጓሮ የተከልከው ኮክ ዘንድሮ አፈራ። እኔም ጡረታ ብወጣም ለሰፈሩ ልጆች ሂሳብ አስጠናለሁ። የምጽፍልህ ግን ስለ ልጃችን ስለ ሀያት ነው። እንደ ልማዴ ነገሩን ከመነሻው ልንገርህ።

ዩኒቨርሲቲውን ልትጨርስ አንድ መንፈቅ ሲቀራት ሻንጣዋን ይዛ መጣች። አሞኛል አለች። ጨጓራ መስሎኝ ተልባ በጠበጥኩላት። እያደር ግን ሌላ ነገር አየሁ። በር ሲዘጋ ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። የደሴ ብርድ እየገባባት እንኳ መኝታ ቤቷን ገርበብ አድርጋ ነው የምትተኛው። ሚኒባስ ላይ ጋቢና ካልሆነ አልሄድም የምትለው ልጅ፣ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ እንኳ ካለ እኔ አትሄድም።

አልወተወትኳትም። አንድ ቀን ምስር ስንለቅም ራሷ ነገረችኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን የሚያማክራት መምህር ቢሮው ጠርቶ በሩን ቆለፈባት። ውጤትሽ በእጄ ነው እያለ ሊጎትታት ሞከረ። ሰው ሲያንኳኳ አመለጠች። ከዚያ ወዲያ ውጤቷን ያዘባት፤ በስልክም ያስፈራራት ጀመር።

ይመሬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና ሳርም ኖሬአለሁ። ውጤት የተማሪው ሀቅ ነው፤ አስተማሪ ያስረክበዋል እንጂ አይነግድበትም። ያን ቀን የለቀምኩትን ምስር መልሼ ከጠጠሩ ቀላቀልኩት።

ሀያት ለዩኒቨርሲቲው አመለከተች፤ ሰኞ እዚያው ቀርባ ቃሏን ትሰጣለች። ይህ እንደተሰማ ሽማግሎች መጡ። የላኳቸው ደጋን ከተማ የሚኖሩት የመምህሩ ቤተሰቦች ናቸው። ፊት ሆነው የመሯቸው የአንተው ጓደኛ ሸህ እንድሪስ ናቸው። ወንበር ባቀርብ፣ «እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አሉ። ወጉን ታውቀዋለህ፤ አንተም ስንቱ ደጅ ቆመሃል።

«በውጤት ተጋጭተው ነው አሉን። ማመልከቻዋን ታንሳ፤ ይመር ቢኖር ይህን ያህል አያቆመንም ነበር» አሉኝ ሸሁ። አንደኛው ደግሞ፣ «ወሬው ከወጣ ማን ያገባታል?» አለ፤ እሷ ጓዳ ሆና እየሰማች።

ስምህ ሲጠራ እሺ ልላቸው ነበር። ወዲያው ግን ከሽምግልና ሳትበላ የተመለስክበት ቀን ትዝ አለኝ። የተደበደበችው ሚስት ሳትጠየቅ እርቅ ወርዶ በግ ታርዶ ነበር። ተበዳይ ያልተሰማችበት እርቅ በጉሮሮዬ አይወርድም ብለህ ተነስተህ መጣህ። ሸህ እንድሪስም አብረውህ ነበሩ። ይህንኑ አስታወስኳቸውና፣ «የተበደልኩት እኔ አይደለሁም፤ እሷን ጠይቋት» አልኩ።

ሀያት ወጣች። ሸሁ ፊት ቆመች። «አባባ፣ በውጤት አልተጋጨንም። በር ቆልፎብኝ ነው የያዘኝ። የእርስዎ ልጅ ብትሆን ዝም በይ ይሏታል?»

ሸሁ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ያ ማን ያገባታል ያለው ሰውዬ፣ «ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ…» ብሎ ሲጀምር፣ «አንተ አፍህን ያዝ!» አሉት። «ዋሽተውን ነው የላኩን።» ከዚያ እሷን መርቀው፣ ሳይቀመጡ ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ አንዱ ግን በሩ ላይ ዞሮ ትጸጸታላችሁ ብሎን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የማናውቀው ቁጥር ይደውላል። ስናነሳው አይናገርም። ወደ ዩኒቨርሲቲው ልንሄድ ነገ ማለዳ መናኸሪያ እንወርዳለን። አልደብቅህም፣ እፈራለሁ። የሚጠይቋት የሰውየው ባልደረቦች ናቸው፤ እኔን ውጭ ያስቀሩኝ ይሆናል። እንቅር ወይ ብላት ግን እምቢ አለች፤ ሻንጣውን የዘጋችውም እሷ ናት።

የሚሉትን ቢሉ፣ ከዚያ ክፍል ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው። አንተንም አልረሳህም፤ በየሰላቴ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ከእንግዲህ ግን ስምህን እየጠራ ልጅህን ዝም ሊያሰኝ የሚመጣ ሁሉ፣ አስቀድሞ እኔን ማለፍ አለበት።

ያንተው መሬም