በአለቃህ በኩል

ግንቦት 3 ቀን 1975
ዛሬም የሐይቁ ዘጠኝ ጀልባ ባንዴ ጮኸብኝ። አንድ ሬድዮ፣ ሁለት ጆሮ... ከዘጌ ይሁን ከደልጊ ማን እንደሚጠራኝ አልለይም። የወደቡ ኃላፊ ጓድ አስናቀ «ጓድ ቢያዝን፣ አንድ መላ ፈልግ» አሉኝ።

ግንቦት 5
ተገኘ! ሦስት ሦስት አድርጌ መደብኋቸው። ለየምድቡ አንድ አለቃ ጀልባ። ሌሎቹ ለአለቃቸው ይናገራሉ፣ አለቃው ለእኔ። አለቃ ማን ይሁን? ጓድ አስናቀ «በዕድሜ ነዋ!» አሉ። እውነትም፣ ትልቅ ሰው ተቀምጦ? ሦስተኛው ምድብ ለጋሽ አምሐ ደረሰ። ጀልባቸው ከሁሉም ይፈጥናል። ጓደኛዬ ጀልባ ነጂው መስዑድ ከሥራቸው ገባ።

ምሳ ከመስዑድ ጋር። ሥጋ አንቀላቀልም፣ ዓሣ ግን ባንድ ትሪ ነው። ሳቀብኝ። «ጋሽ አምሐ ደልጊ ሲደርሱ እኔ ገና እዚሁ ዘጌ ነኝ። እንዴት ይሰሙኛል?»
«አንተ ደግሞ! ሥርዓት አታበላሽ» አልሁት።

ግንቦት 19
ሦስት ድምፅ ብቻ። እንዴት ደስ ይላል! ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ።

ሰኔ 2
ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። አሥር ሰዓት ላይ መስዑድ በቀጥታ ጠራኝ። «ቢያዝን፣ ሞተሬ አስቸገረኝ።»
«በአለቃህ በኩል ተናገር።» ሌሎቹም እንዳይለምዱ ብዬ...
«አይሰሙኝም እኮ!»
«ደጋግመህ ሞክር።»
እሺ አለ። ጋሽ አምሐን ሲጠራ ሰማሁት። አራት ጊዜ። ከዚያ ዝም። አገኛቸው ብዬ ሻይ ጠጣሁ።

ሰኔ 3
መስዑድ አልገባም። ጋሽ አምሐ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ነበሩ። ምንም አልሰሙም።

ሰኔ 5
ዘጌ ዳር ታንኳ ቀዛፊዎች አገኙት። በዚያኑ ዕለት ተቀበረ። አላለቀስሁም። ምን ሆኜ ነው?

ሰኔ 9
ሪፖርቱ «ነፋስ» ይላል። ፈረምሁ።

ሰኔ 11
ሥራ ገባሁ። ወጣሁ።

ሰኔ 20
ምድቡን አፈረስሁት። አሁን በየሰዓቱ «ማን ማንን ይሰማል?» እላለሁ። ከጓደኞቹ ሳይርቅ የሚሄድ፣ ብዙዎቹ የሚሰሙት፣ እሱ የዚያ ሰዓት አለቃ ነው። ዛሬ የእንጨት ጀልባ ነጂው ሳሊህ ሆነ፣ ገና ሃያ ዓመቱ። ጋሽ አምሐ «አቤት ሳሊህ» አሉት። ማንም አልተከራከረም። ይህን ያህል ቀላል ነበር...

ከሰዓት የመስዑድ እኅት መሪማ መጣች። ቆማ ነው የጠየቀችኝ።
«ሬድዮው ላይ አንተ ነበርህ አሉ። ድምፁን ሰማኸው?»
«ሰማሁት።»
«ምን አለ?»
«ሞተሬ አስቸገረኝ አለ።»
«አንተስ ምን አልኸው?»
ነገርኋት። ቃል በቃል።
ነጠላዋን ሰበሰበች።
«ሲነግርህ ስምህን ጠርቶ?»
«አዎ። ስሜን ጠርቶ።»