ድቡልቡሉን ብቻ ስለመቁጠራችን

ለተከበሩ የምርምር መጽሔቱ ዋና አዘጋጅ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ጠረጴዛዎም እንደ እኔ ካለ ነዝናዛ የጸዳ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከሦስት ዓመት በፊት አትመው ባወደሱት ጥናት ላይ ስሜ በአራተኛነት የሰፈረው የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ በእውነት አፍሬ፣ ይህንን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

አንደኛ፣ የካንሰር ሴሎችን በጄል ውስጥ እንደ ትንንሽ ኳስ አድቦልቡለን ያሳደግንበትን የሦስት ገጽ ዝርዝር «በተለመደው ዘዴ» በሚሉ ሁለት ቃላት ስለጠቀለሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጄሉ ከየት እንደተገዛ፣ ሴሎቹ ስንት ቀን እንደቆዩ ማወቅ ለማን ይጠቅማል? አንባቢ እንዳይሰለች አሰቡ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛው የራሴ ጉድ ነው። የካንሰር መድኃኒቱን በእነዚህ የሴል ኳሶች ላይ ከመሞከራችን በፊት ጎባጣውንና የተንጋደደውን በማይክሮስኮፕ እያየሁ፣ እየለቀምኩ እጥል ነበር። ዋሽ ብሎ ያዘዘኝ የለም፤ በእኛ ላቦራቶሪ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ አለቃዬም እጅህ ይባረክ ይሉኝ ነበር። መድኃኒቱ ድል ያደረገው እንግዲህ ክብ ክቡን ነው። ጽሑፋችን ግን «ሁሉም ተለክተዋል» ይላል፣ እርስዎም በውጤቱ ማማር ተደስተው አተሙልን።

ሦስተኛ፣ በሌላ ከተማ ያለች የዶክትሬት ተማሪ ሥራችንን ለመድገም ሁለት ዓመት ለፍታ አልሆነላትም። ምን እንዳጠፋች ደውላ ስትጠይቀኝ፣ ጓንቷን ቶሎ ቶሎ እንድትቀይር መከርኳት። ይህን ስጽፍ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። መምህሮቿ ለሙያው አልተፈጠረችም ብለው ሐሙስ ሊያሰናብቷት ነው። ጥፋቴን ጠቅሼ ለእርስዎ የላክሁትን ማረሚያም ፋይዳ የለውም ብለው በሦስት ቀን መለሱልኝ፤ ጽሑፋችንን ለማየት ስምንት ወር የፈጀበት ቢሮ እንዲህ መቀላጠፉ ደስ ያሰኛል።

ስለዚህ ማረሚያው ከሐሙስ በፊት እንዲወጣ፣ ያ ቢያስቸግርዎ እንኳ ይህ ደብዳቤ ለመምህሮቿ የእምነት ቃሌ ሆኖ እንዲቆጠርልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለፈጣን እምቢታዎ ዘላለም ባለውለታ የሆንኩ፣ አንገቴንም የደፋሁ፣
የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ

ተጨማሪ፦ ትናንት ለተማሪዋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልሰደበችኝም። ከመቶው ስንቱን እንደጣልኩ ብቻ ጠየቀችኝ፣ አልመዘገብኩም አልኳት። እሷ ግን ጎባጣውንም ክቡንም አንድ ሳታስቀር መዝግባ ኖሯል፤ ዘንድሮ ልካልዎት «ያልተሳካ ሥራ አናትምም» ብለው የመለሱት ይህንኑ መዝገብ ነው።