ጣሳ ከጆንያ ይቀድማል

ውድ አስካልዬ፣

ከተለያየን ባሮ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ጎደለ። ዘመን በወንዙ የምትቆጥሪው አንቺ ነበርሽ፤ ልማድሽን ወርሼዋለሁ። ካንቺ ከወረስኳቸው ነገሮች ሁሉ ናፍጣ የማይጠጣው እሱ ብቻ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ማንጎው ዘንድሮም ከልክ በላይ አፍርቶ ጣሪያውን ሲደበድብ ከረመ። ድመቷ ካንቺ በኋላ ለማንም ላለመታዘዝ ወስናለች፤ ላንቺም አትታዘዝም ነበር፣ ግን አሁን ሐዘን ታስመስለዋለች። ልጃችን ሰላም ጅማ ሆስፒታል ሥራ ይዛለች፣ በየደብዳቤዋ በልቼ እንደሆን ትጠይቀኛለች። እበላለሁ። ወጡን አትጠይቂኝ።

ከተማዋ ግን ሌላ ሆናለች። አንቺ የሄድሽው ክልል ሆነን የቢሮዎቹ ቀለም ገና ሳይደርቅ ነበር። አሁን ደርቋል፣ አንዳንዱም መላጥ ጀምሯል። የቢሮ ኃላፊ ያልሆነ ሰው ማነጋገር ሲያምረኝ ገበያ እወጣለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ወፍጮሽ ነው። ልሸጠው ነበር። እንዴት እንደተረፈና ምን እንደሰማሁ ልንገርሽ፤ ላንቺ አዲስ ባይሆንም፣ እኔ እስካሁን አፌን ይዤ ነው ያለሁት።

ነገሩ የተጀመረው ከበደሌ የመጣ ነጋዴ ሞተሩን ልግዛ ባለኝ ጊዜ ነው። የእናትሽን ወርቅ ሸጠሽ ሰፈራችን ኒውላንድ ላይ የተከልሽውን ያን ሞተር ዞሮ ዞሮ አየና፣ በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ «አርጅቷል፣ ግን ልብ አለው» አለ። ስለ እኔም የተናገረ መሰለኝ። ሰላምም ነገሩን ስትሰማ «ሸጠህ ወደኔ ና እንጂ አባዬ፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ ማን አለህ?» ብላ ጻፈች። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ሳላሰላ አልወስንም አልኩ። አዲሱ ንግድ ቢሮ የትንንሽ ድርጅቶችን አዋጭነት የሚያጠና ባለሙያ አለው ሲሉኝ ሄጄ ለመንኩ።

ጌትነት የሚባል ወጣት ላኩልኝ፤ ሱፍ ለብሶ መጣ። በጋምቤላ ሙቀት ሱፍ የሚለብስ ሰው ወይ ሙሽራ ነው ወይ አዲስ ተሿሚ። ልጁ ግን ጨዋ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ናፍጣውን ጠየቀ፣ ድንጋዩን ጠየቀ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ በስንት ጊዜ እንደሚበጠስ ጠየቀ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያይ ሰነበተና ፊቱ ጠቆረ።

ያየው ያንቺን ሕግ ነበር። ከኢታንግ ጆንያ ጭነው የመጡ ነጋዴዎች ውጭ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ ውስጥ ኦባንግ ሞተሩን አስነስቶ በዕርዳታ ዘይት ጣሳ የመጣች እፍኝ በቆሎ ይፈጫል። ከዚያ ሌላ ጣሳ። ከዚያ ሌላ። ያንቺ ወፍጮ ላይ ጣሳ ከጆንያ ይቀድማል፣ ማንም ቀድሞ ቢመጣ። ኦባንግ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮሽ የሠራ ሰው ነውና አንቺ ከሄድሽም በኋላ ሕጉን አልነካውም። እኔ ደግሞ ኦባንግን አልነካሁትም።

«ቲቸር» አለኝ ጌትነት፣ «ይሄ ንግድ ነው ወይስ ዕድር? ምርጡ ሰዓት ላይ ናፍጣ የሚቃጠለው ለጣሳ ነው። ጆንያው ሰልችቶት ባሮ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ይሻገራል። እዚያ ለጣሳ ሞተር አያስነሱም።» በመጨረሻም አያዋጣም ብሎ ደመደመ። ምን ልበል? ይህንኑ ነገር እኔም በትዳር ዘመናችን ሁሉ ነግሬሽ ነበር። ትሰሚኛለሽ፣ ትስቂያለሽ፣ በማግስቱ ጣሳ ትፈጫለሽ።

ስለዚህ ለነጋዴው እሺ አልኩት። ኦባንግ ቺንጋውን አውልቆ እንደ ዘንዶ ጠቀለለውና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ዝናቡ የጎሬን ቁልቁለት አበላሽቶት የነጋዴው መኪና ዘገየ፤ ወፍጮሽም ዝም እንዳለ መኪናውን ይጠብቅ ጀመር።

አስካልዬ፣ በማግስቱ ንጋት ላይ የሰማሁትን በምን ቃል ልንገርሽ?

መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ መሰለኝና ዛሬ የምን በዓል ነው ብዬ አሰብኩ። ዱብ። ዱብ። ከአጥሩ ማዶ ነበር። ከዚያ ከጎረቤቱ ጎረቤት ሌላ ተቀበለው፣ ከዚያ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ሌላ፣ ከዚያ መለየት አቃተኝ። ባዶ እግሬን ወደ ግቢ ወጣሁ። ድምፁ በጆሮዬ ብቻ አልነበረም የሚገባው፤ መሬቱ ራሱ በውስጥ እግሬ ሲመታ ይሰማኛል። ዘነዘና ነበር። ኒውላንድ በሙሉ፣ ግቢ በግቢ፣ ሙቀጫ ከጓዳ አውጥቶ እየወቀጠ ነበር። ማንጎው ሥር ቆሜ ቀረሁ። ያ ነጋዴው በጣቱ የመታው ዝገት የበላው ብረት፣ በየማለዳው ይህን ሁሉ ክንድ አሳርፎ ኖሯል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ድምፁ እንቅልፍ ነሳኝ ብዬ ሳማርር!

ክፍል ስገባ የሴቶቹ ረድፍ ባዶ ነበር። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም። ርዕሰ መምህሩ ወባ ነው አለ። ታውቂያለሽ፣ የሴት ተማሪዎቻችን ቁጥር የጨመረው እኔ ሰኞ ሰኞ ሰልፍ ላይ በማደርገው ንግግር ነው ብዬ አምን ነበር። ርዕሰ መምህሩ በእሱ ንግግር ነው ይላል። ትምህርት ቢሮው ደግሞ በዘመቻው ነው ይላል። በዚያ ሳምንት ሦስታችንም ተናገርን፤ ረድፉ አልሞላም።

ከሴቶቹ አንዷ ኛቦል ናት፤ ከቤታችን ጀርባ የምትኖረው የኑዌሯ ጎረቤታችን ልጅ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ እያለከለከች ገባች። ጎበዝ ስለሆነች ሰሌዳው ላይ እንድትሠራ ጠመኔ ሰጠኋት። ጠመኔው ወደቀ። አንስቼ ሰጠኋት፣ ደግሞ ወደቀ። መዳፏን ስትዘረጋ ውሃ ቋጥሯል።

«ቲቸር፣ ወፍጯችሁ ታሟል እንዴ?» አለችኝ፣ የዘመድ ሕመም በሚጠየቅበት ድምፅ። «ይድናል?»

ትምህርቱ እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ኦባንግ ሄድኩ። የተዘጋው ወፍጮ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ማዘር ሁልጊዜ እዚህ ትቆማለች» አለኝ የበሩን ደፍ እያሳየኝ፤ አንቺን ማለቱ ነው። «ሴቶቹ ልጆች ጣሳቸውን ያስፈጫሉ፣ ዱቄት ቤት ያደርሳሉ፣ ደብተር ይይዛሉ፣ በዚህ ይሮጣሉ። ማዘር ታያለች። የእናንተ የትምህርት ቤት ደወል ሲል፣ ‹በቃ ኦባንግ፣ የዛሬ ሥራችን አለቀ› ትላለች። እኔ፣ ‹ማዘር፣ ጆንያ ገና አልጀመርንም!› እላለሁ። እሷ ትስቃለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ ቲቸር ነህ። ታውቃለህ ብዬ ነው።»

የዛሬ ሥራችን አለቀ! ገቢው ገና ሳይጀመር። ሌላው ነጋዴ ቀኑን የሚለካው ማታ ሳጥኑን ከፍቶ ነው፤ አንቺ ጠዋት በእኔ ደወል ለካሽው። የዚያ ደወል አንደኛው ጫፍ ላይ አንቺ ቆመሽ ትልኪያለሽ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ እኔ ቆሜ እቀበላለሁ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ደረሰኝ እንኳ ሳልቆርጥልሽ። ማታ ራት ላይ ስለ ንግግሬ ውጤት ስተርክልሽ ያን ሳቅሽን እንዴት ዋጥሽው?

ጌትነት የሽያጩን ወረቀት ሊያግዘኝ ሲመጣ፣ ነገ ንጋት ላይ ና አልኩት። መጣ፣ ያው ሱፉን ለብሶ። በመንደሩ መሐል ይዤው ዞርኩ። ድምፁ ከበበን። ልጁ ቆመ፣ ግራና ቀኙን አየ፣ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ… ይሄ በምን ይለካል ቲቸር?» አለኝ።

መልሱን የሰጠችው የኛቦል እናት ናት። ከሙቀጫዋ ቀና ብላ አየችንና፣ «አቶ ቢሮ! ቆመህ ትሰማለህ? ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ? ና፣ ያዝ!» ብላ ዘነዘናውን አስጨበጠችው። ሱፉን አውልቆ ለኛቦል ሰጠና ወቀጠ። በቆሎው ግማሹ ወደ ዶሮዎቹ በረረ። «ዶሮዎቼን ቢሮው ቀለባቸው!» እያለች ሳቀችበት፣ የጎረቤት ሴቶችም ዘነዘናቸውን ተደግፈው በአጥር ላይ አዩት። አላቆመም። ላቡ በሸሚዙ ወርዶ ወገቡ ሲደርስ አረፈና መዳፉን አየ።

«ብዙ ነው» አለ።

የባለሙያ መደምደሚያ ነው፤ ከዚያ የተሻለ እስካሁን አላገኘሁም።

ልጁ ከልቡ ነበር የተናገረው። ያንኑ ቀን ከሰዓት ተመልሶ መጥቶ ከኦባንግ ጋር እንደገና አሰላ። ወፍጮው ሀብታም አያደርጋችሁም፣ ግን እንዳይወድቅ ማድረግ ይቻላል አለኝ፤ ናፍጣ በጀሪካን መግዛት ትተን፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት በጋ ከሰፈሩ ክሊኒክ ጋር ተጋርተን በበርሜል እናስመጣ፣ ከሰዓቱ በሙሉ የጆንያ ይሁን፣ ነጋዴዎቹም ይህን አውቀው በማለዳ አይድከሙ። «ጠዋቱስ?» አልኩት። «ጠዋቱን አትንኩት» አለ።

የበደሌው መኪና በመጨረሻ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ነጋዴው አልሸጥም ስለው ተናደደ፣ ከዚያ አዘነልኝ። «ለሟች ብለህ ብረት ታስቀምጣለህ ቲቸር?» አለኝ። ለጣሳ ብዬ ነው አልኩት። ሙቀቱ እንደመታኝ አምኖ ማንጎ ጭኖ ተመለሰ። ሰላም ደግሞ ተቆጥታለች። የሰማሁትን ሁሉ ጽፌላት ገና አልመለሰችም፤ ግን ያንቺ ልጅ ናት፣ ደብዳቤዬን ይዛ እየሳቀች ይሆናል።

ኦባንግ ቺንጋውን ከግድግዳው አውርዶ መልሶ ያጠለቀ ዕለት ሞተሩ ሦስቴ አስሎ ተነሳ። ዘነዘናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መጀመሪያ የቅርቦቹ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ያሉት፣ በመጨረሻ አንድ ብቻ ርቆ ቀረና እሱም ቆመ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። የእጅሽ ሥራ ያ ዝምታ ነበር።

አሁን በየማለዳው ደፉ ላይ፣ አንቺ ትቆሚበት ከነበረው ቦታ እቆማለሁ። ኛቦል በፊቴ ትሮጣለች፣ ሌሎቹም ዱቄት የነካው ክንዳቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። ደወሉ ይደወላል። «በቃ ኦባንግ፣ የዛሬ ሥራችን አለቀ» እለዋለሁ፤ እሱም የድሮ መልሱን ይመልስልኛል። ችግሩ፣ አስካልዬ፣ ያ ደወል እኔን ጭምር የሚጠራ መሆኑ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አረፍዳለሁ። ሴቶቹ ቀድመውኝ ተቀምጠው ይስቁብኛል፣ ርዕሰ መምህሩም በዕድሜዬ አፍሮ ሁለቴ በቃል፣ አንዴ በጽሑፍ ገሥጾኛል።

ይገሥጸኝ። ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ በየማለዳው ላንቺ ስል አረፍዳለሁ፤ ማስታወሻሽ ይህ ነው።

የደወሉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ባልሽ