ባየልኝ ያሰረው ቱቦ አላፈሰሰም

ውድ ባየልኝ፣

ሰባት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳህም፤ አልፈርድብህም። እውነቱን ልንገርህ ካልኩ ደግሞ ብታነሳውም ኖሮ «ደህና ነህ ወይ፣ ሳንጃ እንዴት ነው» ብዬ እዘጋው ነበር እንጂ ዋናውን ነገር አልናገረውም ነበር። ምላሴ ፈሪ ነው። ስለዚህ በእጄ እጽፈዋለሁ።

የዚያን ሚያዝያ ሙቀት ታስታውሳለህ። ፋሲካ አልፎ ሠርጉ ተደራርቦ፣ ከተማችን ገንዳ ውሃ እንደ ምጣድ ግላ፣ አብረን የምንሠራበት የፎቶ ቤቴ ኮምፒውተር አንድ ቪዲዮ አቀናብሮ ሳይጨርስ በየሃያ ደቂቃው ድርግም ይል ነበር። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የየራሳቸው የውሃ ማቀዝቀዣ ነበራቸው፤ ግን ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። አንዱ ሲፈላ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። አንተ የትራክተር ጋራዥ ልጅ ነህና አንድ ቀን ካርቶን ቀደህ ሥለህ አሳየኸኝ። ውሃው ከፓምፑ ተነሥቶ በፕሮሰሰሩ ያልፋል፣ ከዚያ በካርዱ ያልፋል፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ራዲያተር ውስጥ ቀዝቅዞ ይመለሳል።

«ሁለት ጎረቤት ለየብቻ ጉድጓድ ከሚቆፍር ከአንድ ወንዝ ቢጠጣ አይሻልም?» አልከኝ።

ራዲያተሩን ከቆመ ትራክተር ፈተህ አመጣኸው። ሦስት ቀን ሙሉ አጠብከው። የሞላኸውም ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ንጹሕ ውሃ ነው። የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ አልገባ ሲል ከሳጥኑ በላይ ግድግዳ ላይ ሰቀልከው። የጎረቤታችን የሻይ ቤቱ ሷሊህ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «ወላሂ፣ ይሄ ኮምፒውተር ስንት ሊትር ናፍጣ ይጠጣል? እኔም ሰሊጤን ላሳርስበት እንጂ!» ሲል እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ኮምፒውተሩ ግን በዚያ ሙቀት ሳይጠፋ ዋለ። በማግስቱም ዋለ።

«የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪው» አልከኝ። «የታሸገ ነው፣ በቀላሉ አይጎድልም። ቢጎድልም እኔ አየዋለሁ።» እሺ አልኩህ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ትራክተር ነድቷል። እኛ ቤት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» አይባልም፣ «ውሃ አየሽለት?» ነው የሚባለው። በሰባት ዓመቴ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ እከፍት ነበር፤ ውሃ ሳያዩ ሞተር ማስነሳት እኛ ዘንድ ነውር ነው። እና አንተ ከመምጣትህ በፊት፣ በየጠዋቱ፣ ያንተን ክዳን እየከፈትኩ ከጀሪካኑ የቧንቧ ውሃ እጨምርበት ነበር። በደግነት ነው። እንዳይጠማው ብዬ ነው። አሁን ስጽፈው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ጋሽ ቢሻው የልጃቸውን የአገኘሽን የሠርግ ቪዲዮ ሊወስዱ ዘመድ አዝማድ አስከትለው የመጡ ዕለት፣ እንግዶቹ ፊት ካርዱ ጢስ አወጣና ኮምፒውተሩ ፀጥ አለ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉ። «ልጄን እንደገና ልዳራት ነው?»

ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። እኔም ሳላስብ «ባየልኝ ያሰረው ቱቦ አፍስሶ ነው ጋሼ» አልኩ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ነበር። ትከራከራለህ ብዬ ጠበቅኩ። አንተ ግን ጎንበስ ብለህ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ የእጄ ጥፋት ነው» አልክ።

ሁላችሁም ስትሄዱ ሳጥኑን ከፈትኩት። እያንዳንዱን ያሰርከውን መጋጠሚያ በሶፍት ዳሰስኩት፤ አንዱም እርጥብ አልነበረም። ውሃው የወጣው ከክዳኑ ነው። ያን ጠዋት አፍ እስከ ገደፉ ሞልቼ አጣምሜ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ውሃው ሲሞቅ መሄጃ አጥቶ ገንፍሎ በሳጥኑ ቀዳዳ ገብቶ ካርዱ ላይ ተንጠባጠበ። ይህን ሁሉ በዚያችው ሰዓት አወቅኩ። በማግስቱ የመፍቻ ቦርሳህን ይዘህ ሳንጃ ልትሄድ ወደ መናኸሪያ ስታልፍ በመስኮት አየሁህ፣ ዝም አልኩ። የሱቄ ስም እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው። ሌላ የሚያምር ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ቪዲዮው ተረፈ። ዲስኩ ጎንደር ሄዶ ሁሉም ወጣ፤ አገኘሽም እየሳቀች አየችው። ሳይጸዳ የቀረው ያንተ ስም ብቻ ነው። እዚህ «የባየልኝ እጅ ያፈሳል» እየተባለ ተቀለደ፣ እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት እህትህ መንበረ ለሰሊጥ ሥራ መጥታ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ገባች። እንዴት እንደሆንክ ጠየቅኳት።

«ጆንያ ይሸከማል» አለችኝ። «መፍቻ ዳግመኛ አልነካም። እናታችን ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ እሰርልኝ ብትለው፣ ሰው ጥሪ፣ የኔ እጅ አይታመንም አላት። ያ ሁሉ ሙያ! ምን አግኝቶት ነው ፍቅርአዲስ?»

ፎቶዋን አነሳሁና ሸኘኋት።

ትናንት ጋሽ ቢሻው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ያን ልጅ በደረስኩበት ሁሉ አምቼዋለሁ» አሉኝ። «ኃጢአት ውስጥ ከተትሽኝ።» ቀጥለውም «አሁን ለሰው የምነግረው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው።

አዲስ ካርድ ገዝቼ አስገብቻለሁ። ቱቦዎቹ ያንተው ናቸው፣ ያሰርካቸውን አንዱንም አልፈታሁም። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጠብታ አላፈሰሱም። እጅህ ደህና ነው ባየልኝ። ደህና ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ሌላም ነገር አለ፤ ካርቶን ቀደህ ከሣልክልኝ ቀን ጀምሮ እወድሃለሁ። ይህንንም ከጥፋቴ ጋር አብሬ ደብቄው ነበር።

ተመለስ ልልህ መብት የለኝም። ለእናትህ ግን ቧንቧውን እሰርላቸው።

ይህን ደብዳቤ ሁለት አድርጌ ነው የጻፍኩት። አንዱን መንበረ ታመጣልሃለች። ሌላውን አሁን ወጥቼ የሱቁ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ስምህን ያጠፋሁት በሰው ፊት ስለሆነ ለብቻህ በጆሮህ ልመልሰው አልችልም። በሩ ላይ ከሚለጠፈው አንዲት ቃል አልቀነስኩም፤ እወድሃለሁ ያልኩትንም ጭምር።

ክዳኑን የከፈትኩት እኔ፣
ፍቅርአዲስ ቢሆነኝ
ገንዳ ውሃ