መነጽሩን አድርጌ ሳለሁ የመጡት ሽማግሌዎች

ይድረስ ለምወድሽም ለተቀየምሁሽም እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እዚያ ይፋግ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል፣ ሩዙስ ከአረም ወጣ? እኔ ከአንገቴ በላይ ደህና ነኝ። ከአንገቴ በታች ያለውን መጥተሽ አይተሽዋል። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ገና አፌን ስከፍት ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ ዝም እላለሁ። ፊደሉ የተንጋደደው ቀኜ በፋሻ ታስሮ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው፤ ሦስት ቀን ሳይፈጅብኝ አይቀርም።

ያን ማክሰኞ ዓይኔ ላይ ያየሽውን ጥቁር ነገር ለጎረቤት ማደንዘዣ ነው ብለሽ እንዳወራሽ ሰማሁ። ማደንዘዣ አይደለም። መነጽር ነው፤ ውስጡ ፊልም አለ፣ አንገትሽን ወዴትም ብታዞሪ አገሩ በዙሪያሽ አለ። ፋሻው ተነሥቶ ቁስሉ ሲታጠብ መርፌውም ክኒኑም አይበቃኝም ነበር፣ ጩኸቴ ሆስፒታሉ ግቢ ድረስ ይሰማል። ሲስተር ኢኽላስ መነጽሩን ስታደርግልኝ ግን ቁንዝላ፣ ጀልባ የሚቆምበት የሐይቁ ዳርቻ ላይ ቆሜ እገኛለሁ። ወንድሟ አብዱልበሲጥ ሄዶ ቀርጾ ያመጣው ነው፤ መጀመሪያ የነበረው የፈረንጅ አገር በረዶ ነበር፣ እሱ ለእኔ ምኔም አይደል። እሷ እያጠበች ምን እንደሚታየኝ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ፤ ውሃውን፣ ደንገሉን፣ መረብ የሚያራግፈውን ሰውዬ። ዝም ካልሁ ሕመሙ ይመጣል፣ ስለዚህ እለፈልፋለሁ። ሕመሙ አይጠፋም እኮ፣ ብቻ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ሁሉ ሳምንት ያገኘሁት ዕረፍት ያችው ግማሽ ሰዓት ነበረች፤ እሷኑ አበላሻችሁብኝ።

አንቺ፣ የነፍስ አባታችን አባ ሀብተ ሥላሴና ሁለቱ ሽማግሌዎች ስትገቡ አላየሁም። ስለ ጀልባው እያወራሁ ነበርሁ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አምስት ዓመት አብሬው የኖርሁትን ባሌን፣ ምናሴን፣ በሳሉ አጣዋለሁ? ሐይቁ እዚያው ፊቴ እያለ ክንዴ እንደ መጀመሪያው ቀን ነደደ። አንቺ እግሬን ይዘሽ፣ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ ሊልሽ መጥቶ ነው፤ እሺ በይውና ነገሩ ይለቅ» አልሽኝ። አባም ነገሩ ከቤት እንዳይወጣ፣ ለፖሊስም ድስቱ ከእጄ አምልጦኝ ነው እንድል ገዘቱኝ። እኔ ዝም አልሁ። ሕመሙ ተመልሶብኝ ፎጣ ነክሼ እኮ ነበር፣ እናቴ። እናንተ ግን እንደ ሙሽራ ዝምታ ቆጥራችሁት፣ እሺ ብላለች ተባብላችሁ፣ መርቃችሁ ወጣችሁ። ገና ሳትወጡ ኢኽላስ ተቆጥታ ውጡልኝ ስትል አንደኛው ሽማግሌ በቤተሰብ ጉዳይ አትግቢ አላት። አንቺ ቆመሽ እየሰማሽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መነጽሩ እንቢ አለኝ። ሐይቁን ሳይ ሳሉን እሰማለሁ። አሁን ያለ መነጽር ነው የምታጠበው፤ እጮኻለሁ፣ ምን ላድርግ። ግን ዓይኔ ስለ ተከፈተ ቁስሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጌ አየሁት። ሐኪሟም አስረዳችኝ። ድስት ያመለጣት ሴት ፊት ለፊቷ፣ ሆዷና ጭኗ ላይ ነው የሚፈስባት አለችኝ። የእኔ ከአይበሉባዬ እስከ ክርኔ፣ በውጭ በኩል ነው። ፊቱን በክንዱ የሸፈነ ሰው ብቻ እንዲህ ይቃጠላል አለች።

ትናንት ጠዋት የፖሊስ መርማሪዋ መጥታ ቃሌን ሰጠሁ፣ በግራ እጄም ፈረምሁ። ግዝቱን እግዚአብሔር ይፍታኝ። ሌሊቱን ግን አንቺ ምን ትይኝ ይሆን እያልሁ አይደለም፣ ስለ ሌላ ነገር ሳስብ ነው ያደርሁት። ልጅ ሳለን «ገንፎ ተደፍቶብኝ ነው» ትይን የነበረው የቀኝ ክንድሽ ጠባሳ፣ እሱም ከአይበሉባሽ እስከ ክርንሽ ነው። በውጭ በኩል። ያን ጊዜም ሽማግሌ መጥቶ ነበር?

የአባቴን ነፍስ ይማር እላለሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ። አንቺን እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ። ስትመጪ ብቻሽን ነይ። እጅጌሽን ሰብስበሽ አጠገቤ ተቀመጪ።

የበኩር ልጅሽ
ከባሕር ዳር