የቀኝ አፍንጫህ ነገር

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ትናንት ሰባት ወር ሞላ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን እንደነበረ ነው፤ የመኝታ ቤቱ በር ብቻ ተሰንጥቆ ነበር። ልጅህ ነው። ባለፈው እሑድ ቡጢውን ወደ እኔ አንስቶ መጨረሻ ላይ በሩ ላይ አሳረፈው። እንደ አባቴ ነኝ ብሎም በእንግሊዝኛ ጮኸብኝ።

አልዋሸም፣ ትመታኝ ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ ብለህ ጥርሴን ያወለቅክበት ጠዋት አይረሳኝም። ክፍተቱን በምላሴ በነካሁት ቁጥር፣ ሞተህም እናደድብሃለሁ።

ከዚያ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ከተማ ላይ ታክሲህ ውስጥ የገባው ዘራፊ በሽጉጡ እጀታ አፍንጫህን በቀኝ በኩል ሰበረው። ደም በደም ሆነህ መጣህ። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን፣ እስክትሞት ስድስት ዓመት፣ እጅህ አላረፈብኝም። ምክንያቱን የነገረህ አብሮህ የሚነዳው ህንዳዊ ነው። በአገሩ የጥንት ሕክምና፣ በአዩርቬዳ፣ እስትንፋስ ሁለት መስመር አለው፤ የግራው አፍንጫ የጨረቃ ነው፣ ያበርዳል፤ የቀኙ የፀሐይ ነው፣ ያግላል፣ ያስቆጣል። አንተም ሌባው ፀሐዬን ደፈነልኝ እያልክ ትስቅ ነበር። ሐኪሙ አጥንቱን በኦፕራሲዮን ላቃናልህ ቢልህ እምቢ አልክ። ያ የድሮው ሰውዬ እንዳይመለስ ፈርተህ ነው።

እኔ ደግሞ ሆስፒታል የመተንፈሻ መሣሪያ ክፍል ስሠራ የተማርኩትን እነግርህ ነበር። የሁላችንም አፍንጫ ውስጡ በየጥቂት ሰዓቱ በተራ ያብጣል፤ አንዱ ሲጠብ ሌላው ይሰፋል። ሁለቱም ጉሮሮ ላይ ተገናኝተው በአንድ ቧንቧ ወደ ሳንባ ይወርዳሉ፤ ለቁጣ የተለየ በር የለም። አልሰማኸኝም። እውነቱን ልንገርህ፣ በኋላማ እኔም አፍንጫህ እንዳይከፈት ጸለይኩ።

የሳንባ ምች በጣለህ በመጨረሻው ሳምንት ነርሷ ቀጭን የምግብ ቱቦ ልታስገባልህ በግራ ሞከረች፤ አልገባ አላት። በቀኝ ሰተት ብሎ ገባ። ቆሜ እያየሁ ነበር። ክፍት ነበር፣ ግርማዬ! ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን እጅ የያዝከው አንተው ራስህ ነህ። ልነግርህ ጎንበስ ስል አትሰማም ነበር።

እሑድ ዕለት ለልጅህ ነገርኩት። አባትህን ከመሰልክ እጁን የያዘውንም ምሰል አልኩት። ብዙ አለቀሰ። ማክሰኞ ጣውላ ገዝቶ መጥቶ በሩን ጠገነው።

የመታኸኝን አልረሳም፤ እርሺ አትበለኝ። እጅህ ተነስቶ ሳይነካኝ ኪስህ የገባበትን እያንዳንዱን ቀን ግን፣ በሕይወትህ ሳለህ ያላመሰገንኩህን፣ እስክሞት አስታውሳለሁ።

ባለቤትህ አልማዝ