የእማ አቡጀዲ ከየት መጣ

ማክሰኞ፣ ማርች 3፣ 1987

ሰረቅኩት። ሌላ ስም የለውም። እማ ሶላት ላይ እያለች ቁልፏን ወስጄ፣ ሻንጣዋን ከፍቼ አቡጀዲዋን አወጣሁ።

ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ክፍላችን ነው። አስተማሪያችን ሚስ ካረል፣ እያንዳንዳችን አንድ የቤት ዕቃ ይዘን ከየት እንደመጣ እንድናስረዳ አዘዘችን። ላይብረሪ ገብቼ ስለ ጨርቅ ሳገላብጥ ያነበብኩትን ማመን አቃተኝ። አቡጀዲ ድሮ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች በመርከብ እየተጫነ ነበር ወደ እኛ የሚመጣው! የባሕር ዳር ነጋዴዎች «አሜሪካኒ» ይሉት ነበር። እኛ ደሴ ላይ የአያቶቻችን ልብስ ነው እያልን፣ አንሶላውንም ሱሪውንም ከፈኑንም ከእሱ እናዘጋጃለን።

እማም ያስቀመጠችው ለከፈኗ፣ ስትሞት እንድትገነዝበት ነው። ጎረቤታችን ከሐጅ ባመጣላት የዘምዘም ውኃ ነክራ፣ ከደሴ ሱዳን ድረስ በእግሯ ተሸክማ፣ እዚህ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ አድርሳዋለች። ማንም አይነካውም። ለወንድሜ ለከማል ብቻ ነገርኩት።

«ሶ፣ ሌላ ዕቃ አጣሽ? ማንኪያ ውሰጂ!» ብሎ ተቆጣኝ። ምን እንዲህ እንዳስቆጣው እንጃ።

ረቡዕ

ጠርዙ ላይ በሰማያዊ ቀለም የታተመ ጽሑፍ አገኘሁ። ደቃቅ ነው፣ ታጥቦ ደብዝዟል። «ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚለው ግን ይነበባል። ብቻዬን ጮህኩ። ከአሜሪካ ወጥቶ፣ ደሴ ገብቶ፣ እንደገና አሜሪካ!

የምሠራበት ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ንግግሬን ስለማመድ ዋልኩ። የሚያሳስበኝ፦
እማ ሻንጣውን ብትከፍትስ?
«ከፈን» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?
አውቶቡስ ላይ ብረሳውስ?

ሐሙስ

ጥሩ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ሚስ ካረል መነጽሯን አድርጋ ጠርዙን አነበበች። ተማሪው እስኪወጣ ጠብቃ፣ በቀስታ፣ ግማሹ ፖሊስተር እንደሆነ ነገረችኝ። እሷ የአልጋ ልብስ ትሰፋለች፤ ይኼንኑ ጨርቅ፣ ይኼው ጽሑፍ ያለበትን፣ ዳውንታውን ካለ ሱቅ ገዝታለች። ክፍሉ ፊት ስላላሳፈረችኝ አመሰግናታለሁ።

ግን እማ ከደሴ ተሸክማ ካመጣችው፣ የሲያትል ጨርቅ ሻንጣዋ ውስጥ ምን ይሠራል? ያ የደሴው የት ሄደ?

ዓርብ

ከማል ከሥራ ሲወስደኝ መኪና ውስጥ ጠየቅኩት። መጀመሪያ አልሰማሁም አለ። ቀጥሎ «ቆይ፣ ፓርክ ላድርግ» አለ። መሪውን እንደያዘ፣ ሳያየኝ፣ ነገረኝ።

የደሴው አቡጀዲ አባባ ላይ ነው።

አባባ ደሴ አልሞቱም። ከእማና ከከማል ጋር ወጥተው፣ ሱዳን ሳይደርሱ መንገድ ላይ ነው ያረፉት። እማ ከፈኗን አውጥታ እሳቸውን ከፈነች። ያሁኑን እዚህ እንደመጡ ከማል ራሱ ገዛላት።

እኔ ቀድሜያቸው እዚህ ስለነበርኩ፣ ከማል ከካርቱም የጻፈልኝ ደብዳቤ አሁንም አለኝ። «አባባ በቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ አረፉ። ሰፈሩ ሁሉ ቀበራቸው» ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ደሴ ያለው መቃብር እየታየኝ ዱዓ አደረግኩ። የቀበሯቸውን ጎረቤቶች በየስማቸው እየጠራሁ መረቅኩ። እማና ከማል አጠገቤ ተቀምጠው «አሚን» ይላሉ!

ከማል እየቀጣጠፈ ያደገ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ። እማ ግን? እማ እንዴት?

ቅዳሜ

ቁርስ ላይ አላናገርኳትም። በኋላ ጨርቁን አምጥቼ፣ «ይኼ ግማሹ ፖሊስተር ነው፤ የደሴው የት እንዳለ ከማል ነግሮኛል» ብዬ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች።

«ሐዘኔን ለምን ሰረቅሽኝ?» አልኳት። እናቴን እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም።

«አባትሽ መንገዱን አልችልም ብለው ነበር፣ ዘሃራዬ። ያንቺ ደብዳቤ ሲደጋገም ጊዜ ነው የተነሡት። ይኼን በምን አፌ ልንገርሽ?»

የጻፍኩትን አልረሳሁትም። «አባባን በቃሬዛም ቢሆን ይዛችኋቸው ውጡ» ብያለሁ። በራሴ እጅ።

አዝኛለሁ። ተቆጥቻለሁም። ሊያድኑኝ እንደዋሹ ይገባኛል፣ ግን ማን ፈቀደላቸው? አባቴን በስፍራው ማልቀስ የእኔ ድርሻ ነበር። ልጠላት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ልማራትም ሞከርኩ፣ እሱም አልሆነልኝም።

እሑድ

ጠዋት እማ መጥታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ፖሊስተር ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ክር ነው አልኳት።

«ያረቢ! በነዳጅ ተከፍኜ ልሄድ ኖሯል!» ብላ ሳቀች። ልስቅላት አልፈለግኩም ነበር፣ አመለጠኝ።

ሦስታችንም ዳውንታውን ወረድን። ንጹሕ ጥጥ መረጥን። ሻጩ ከመቁረጡ በፊት፣ «ዘሃራ ታንብብልኝ፣ ከማልን አላምነውም» ብላ ጠርዙን ሰጠችኝ። ከማል አንገቱን ደፋ። ፊደል በፊደል አነበብኩላት። ጥጥ ነው።

ማታ ከማል አባባ የተቀበሩበትን ወረቀት ላይ ሥሎ ሰጠኝ። አንድ የውኃ ጉድጓድ፣ ሁለት ግራር፣ በመካከላቸው የድንጋይ ክምር። «አንደኛው ግራር ቅርንጫፉ የተሰበረ ነው» አለኝ። ይኼን እንኳ አልዋሸም መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከእንግዲህ ከማል የሚለኝን ሁሉ ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ።

አዲሱን አቡጀዲ አጥፌ ሻንጣው ውስጥ አስገባሁ። የሻንጣውን ቁልፍ ስመልስላት እማ ጣቶቼን ቁልፉ ላይ አጥፋ ያዘቻቸው። «አንቺ ጋ ይሁን» አለችኝ።

ተቀበልኩ። ይቅር ብያታለሁ ማለት አይደለም። የከማልን ሥዕል ግን ሻንጣው ውስጥ አልከተትኩትም። እዚህ ደብተሬ ውስጥ ነው፣ አባባ ያሉበትን ሳላውቅ በጻፍኩት ገጽና በዛሬው መካከል።